ጭሱ የተኛበት ግቢ

እናቴ ከልጅነቴ ጀምሮ «አንቺ ክፉ ክፉው ብቻ ነው የሚታይሽ» ትለኝ ነበር። ወንድሜ ዛፍ ላይ ሊወጣ ሲነሳ፣ ገና የመጀመሪያውን ቅርንጫፍ ሳይጨብጥ፣ እኔ ሲወድቅ ታይቶኝ እጮኻለሁ። እሱ አንድም ቀን ወድቆ አያውቅም፤ በእኔ ጩኸት ደንግጦ ሊወድቅ የደረሰበት ጊዜ ግን አለ። አድጌ የኬሚካል መሐንዲስ ሆኜ ሥራ ስይዝ ይኸው ጠባዬ መተዳደሪያዬ ሆነና እናቴን አስገረማት።

የምሠራበት ክፍል ሁለት ሰው ብቻ ነበረው፤ አለቃዬና እኔ። አንድ ፋብሪካ ሊቋቋም ሲታሰብ፣ ገና መሬቱ ሳይቆፈር፣ ፕላኑ ወደ እኛ ይመጣል። እኛም ወረቀቱ ላይ ተደፍተን ያልተሠራው ፋብሪካ ማንን ሊያቃጥል፣ ማንን ሊያፍን እንደሚችል እንፈልጋለን። ወረቀት ላይ ያለን ቧንቧ ለማዞር ላጲስ ይበቃል። አንዴ ከተሠራ በኋላ ግን ማንም እንዲዞር አይፈቅድም፣ ብዙ ደክመውበታልና።

አለቃዬን «ጋሼ» እላቸዋለሁ። ሰው ሁሉ «ጓድ» በሚባልበት ዘመን እሳቸው «ጓድ» ሲሏቸው ሌላ ሰው የተጠራ ይመስል ዘግየት ብለው ነበር የሚዞሩት። ሸበቶ ናቸው፤ ካፖርታቸውን በሙቀትም አያወልቁም፤ በደረት ኪሳቸው ሁልጊዜ ቀይ እርሳስ አለ። በእርሳሱ ጫፍ ቧንቧውን አንድ በአንድ እየነኩ አራት ጥያቄ ይጠይቃሉ። «ቢቀርስ? ቢበዛስ? ቢያንስስ? ወደ ኋላ ቢመለስስ?» ይላሉ። ለእያንዳንዱ ጥያቄ መልስ ካልሰጠሁ ወደሚቀጥለው ቧንቧ አይሻገሩም። ስንት ቀን ምሳዬን በሰውየው እርሳስ ጫፍ ላይ እንዳሳለፍኩ እኔ ነኝ የማውቀው።

ከሰባ ሰባቱ ድርቅ ጥቂት ዓመታት ቀደም ብሎ፣ በጥር ወር፣ ሁለታችን ወደ ሐይቅ ከተማ ተላክን። ከደሴ ተነስተን ስንወርድ መንገዱ ታጠፈና ሐይቁ ድንገት ከፊታችን ተዘረጋ። ከማዶ የእስጢፋኖስ ገዳም ያለበት ደን ውሃው ውስጥ ገብቶ ይታያል፤ ከኋላ ደግሞ የአምባሰል ተራራ ጥላውን ጥሎ ቆሟል። ሾፌሩን አቁም አልኩት። ጋሼ ከመኪናው ሳይወርዱ «ያን ሁሉ ውሃ አየሽ? አሁን ምን ሊበከል እንደሚችል ታውቂያለሽ» አሉኝ። ከእኔ የባሰ ክፉ አሳቢ ያገኘሁት እሳቸውን ብቻ ነው።

የታሰበው የሳሙናና የበረኪና ፋብሪካ ነበር። ጨው ከአፋር በባቲ በኩል ይመጣል፣ ውሃ ከሐይቁ ይሳባል። በጨዋማው ውሃ ውስጥ ኤሌክትሪክ ሲያልፍ በአንድ ወገን ለሳሙና የሚሆን ኮስቲክ ሶዳ፣ በሌላ ወገን ለበረኪና የሚሆን ክሎሪን ይወጣል። ክሎሪን ቢጫ አረንጓዴ ጋዝ ነው። ከአየር ስለሚከብድ ሲያመልጥ ሽቅብ አይወጣም፤ መሬት ለመሬት እየሄደ ጎድጓዳ ቦታ ፈልጎ ይቀመጣል። የሳበው ሰው በገዛ ሳንባው ውስጥ ይሰጥማል። የተመረጠው ቦታ ደግሞ ከአምባሰል በኩል በሚወርደው ተዳፋት ላይ ነው። ከሥሩ ጎድጎድ ያለ ሜዳ ላይ አንድ ትምህርት ቤት አለ፤ ከትምህርት ቤቱ በታች ሐይቁ ነው።

ፕላኑን የሠሩት ከወዳጅ አገር የመጡ ባለሙያዎች ሲሆኑ ወደ አገራቸው ተመልሰዋል። ከፕላኑ ጋር ወፍራም ማብራሪያ ትተውልናል። ማብራሪያው ስለ ክሎሪን ሲናገር፣ ሽታው በጣም ኃይለኛ ስለሆነ ሰዎች ጉዳት ሳይደርስባቸው ቦታውን ለቀው ይሸሻሉ ይላል። ጋሼ አንብበውት አጠገቡ በቀይ እርሳስ የ«ልክ ነው» ምልክት አደረጉበት። እኔም እንዲሁ አለፍኩት።

በገበሬ ማህበሩ አዳራሽ ጠረጴዛ አገጣጥመን ፕላኑን ዘረጋነው። የፋብሪካው አቋቋሚ ኮሚቴ ሊቀመንበር፣ ካኪ ለባሽ ቁጡ ወጣት፣ በቀን ሁለት ጊዜ እየመጣ «ጓዶች፣ የት ደረሳችሁ?» ይለን ነበር። በሁለት ሳምንት ውስጥ ከአዲስ አበባ ከፍተኛ ባለሥልጣን መጥተው የመሠረት ድንጋይ ያኖራሉ። ከዚያ በፊት የእኛ ፊርማ ያስፈልገዋል።

ክሎሪኑ ቢያመልጥ ወዴት ይሄዳል የሚለውን ጥያቄ ጋሼ ለእኔ ሰጡኝ። በከተማው የነፋስ መለኪያ ነበር፤ አንድ ጸሐፊ የዓመቱን ነፋስ በትልቅ መዝገብ ጽፎታል። ሁለት ቀን ሙሉ ገጽ በገጽ አየሁት። ነፋሱ የሚነሳው ከሐይቁ፣ የሚሄደውም ወደ ተራራው ነው፤ ማለት ከትምህርት ቤቱ ይርቃል። በቅጹ ላይ «ስጋት የለም» ብዬ ጻፍኩና ፈረምኩ። ቆንጆ ፊርማ ነበረኝ፤ ያን ቀን ደግሞ ይበልጥ አሳመርኩት። ሊቀመንበሩ ቅጂውን በዚያው ዕለት ወሰደ።

የአዳራሹ ዘበኛ አንድ አዛውንት ነበሩ። ገበሬ ናቸው፣ ሰው ሁሉ «ሼኸዬ» ነው የሚላቸው። የልጅ ልጃቸው እታች ያለው ትምህርት ቤት ትማራለች፤ ጧት ጧት ሸኝተዋት ነው ወደ እኛ የሚመጡት። በፊርማዬ ማግስት በትራቸውን ተደግፈው ፕላኑን ሲያዩ ቆዩና ጠሩኝ።

«እንደው አፉ በይኝና ልጄ፣ ይች ትንሽ ሳጥን ምንድር ናት?»

«ክሎሪን የሚጠራቀምባት ናት፣ ሼኸዬ» አልኩና ምንነቱን ነገርኳቸው። እንደ ጉም መሬት ለመሬት የሚሄድ መርዝ ነው አልኩ።

«ያመለጠ እንደሆነስ?»

«እርስዎም እንደ ጋሼ ጀመሩኝ! ወደ ተራራው ይሄዳላ። ነፋሱ እኮ ከሐይቁ ነው የሚነሳው።»

ሳቁ። «እሱ ቀትር ላይ ነው። ጧትስ?»

«የዓመቱ ነፋስ እንዳለ ተጽፏል፣ መዝገብ አለን።»

«መዝገቡ ጧት በስንት ሰዓት ይነሳል?»

ተናደድኩ፤ አልደብቅም። አምስት ዓመት የተማርኩትን አንድ የአዳራሽ ዘበኛ በበትር ጫፍ ሲነካካብኝ ደሜ ፈላ። ቁርጣቸውን ልነግራቸው መዝገቡን ገለጥኩ። የየቀኑ የመጀመሪያ መስመር ሦስት ሰዓት ይላል። በሚቀጥለውም ገጽ ሦስት ሰዓት፤ በሁሉም ሦስት ሰዓት። እየሮጥኩ ወደ ጸሐፊው ሄድኩ። እሱም በጨዋ ደንብ ወንበር ስቦልኝ «ቢሮ የሚከፈተው ሁለት ሰዓት ተኩል ነው። ገብቼ ጠረጴዛዬን ጠርጌ ሦስት ሰዓት ላይ እጽፋለሁ» አለኝ። «ከዚያ በፊት ያለውስ ነፋስ?» ስለው «እሱማ የሥራ ሰዓት አይደለም» አለ።

ትምህርት ቤቱ ልጆቹን የሚያሰልፈው ሁለት ሰዓት ላይ ነው።

ለጋሼ ስነግራቸው ይቆጡኛል ብዬ ነበር። ካፖርታቸውን ሰብስበው ተቀመጡ። «ውሃው ቢቀርስ ብለናል፣ መብራቱ ቢቀርስ ብለናል» አሉ። «ከመዝገቡ የቀረውን ሰዓት ግን አልጠየቅንም። እኔም አልጠየቅሁም።»

ሼኸዬ እዚያው በር ላይ ተቀምጠው ይሰሙ ነበር። «በኛ ቤት ደንብ አለ» አሉ። «አባቴም ያደርገው ነበር፣ እኔም ቤቴን ስሠራ አድርጌዋለሁ። ቤት ሠሪ ምሰሶ ኸመትከሉ በፊት፣ ምድጃው ኸሚሆንበት ላይ እርጥብ ገለባ ይጨሳል። የሚያጨሰው ግን ሌላ ሰው ነው። ቤት ሠሪው ኸጎረቤቱ ደጅ ኸዶ ይቆማል። ዓይኑ ያለቀሰ እንደሆነ ቤቱን ያዞራል።»

ጋሼ ቀይ እርሳሳቸውን ከኪሳቸው አወጡ፣ መልሰው ከተቱት። «የፈረመችው እሷ ናት» አሉ። «እሷ ትቁም።»

በማግስቱ እሑድ ነበር፣ ትምህርት ቤቱ ባዶ ነው። ሼኸዬ ሱብሂ ሰግደው መጡ። እሳቸውና ጋሼ ተዳፋቱ ላይ፣ የክሎሪኑ ሳጥን ከሚቀመጥበት ቦታ፣ ገለባና እርጥብ ቅጠል ከመሩ። እኔ ወርጄ ከባንዲራው እንጨት ሥር ቆምኩ። ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ቅጠል አይንቀሳቀስም፤ ሐይቁ እንኳ ተኝቷል። በልቤ «ነፋስ ከሌለ ጭሱ ቀጥ ብሎ ይወጣል፣ ቁርሴን እበላለሁ» እያልኩ ነበር።

ጭሱ ተነሳ። የሰው ቁመት ያህል ወጣና፣ ሐሳቡን እንደቀየረ ሁሉ፣ ቆመ። ከዚያ ተኛ። መሬት ላይ ተኝቶ ተዘረጋና መውረድ ጀመረ። ነፋስ ሳይኖር፣ ድምፅ ሳይኖር፣ ከአምባሰል የሚወርደው ቀዝቃዛ አየር ብቻ እየገፋው መጣ። የመስኖ ውሃ ቦዩን እንደሚያውቀው ደረቁን ፈፋ ይዞ ወረደ፤ ከድንጋዩ አጥር ሲደርስ ትንሽ አመነታ፣ በስንጥቁ በስንጥቁ ገባ። ግቢውን በዝግታ ሞላው። እግሬን ዋጠኝ፣ ወገቤን ዋጠኝ። ላይ ሰማዩ ጥርት ብሎ ይታየኛል፤ ታች ግን የገዛ ጫማዬን አላይም። ከዚያ ዓይኔ አለቀሰ።

ያለቀስኩት በጭሱ ብቻ አልነበረም። አየር ዝም ብሎ ባዶ ነገር ይመስለኝ ነበር። ለካ ክብደት አለው፣ መንገድ አለው፣ ሰዓት አለው፤ እኔ ሳልወለድም በየጧቱ በዚያው መንገድ ሲወርድ ኖሯል። እግዚአብሔርን እንደዚያ ቀን ፈርቼው አላውቅም። ሁለት ሰዓት አልፎ ፀሐይ ሜዳውን እስክትነካው ድረስ ጭሱ ከግቢው አልተንቀሳቀሰም፤ ከዚያ እንደ አንሶላ ብድግ ብሎ ጠፋ። ሼኸዬ ወርደው አጠገቤ ቆሙ። አሸነፍኩሽ የሚል ነገር በፊታቸው አልነበረም።

«አጃኢብ ነው» አሉ ቀስ ብለው። «እኔ ለቤቴ ብዬ ስንት ጊዜ አይቸዋለሁ። ሁልጊዜ አጃኢብ ነው።»

ያን ጊዜ «አሻጥር» የሚባል ቃል ነበር። አንድ የመሥሪያ ቤታችን ባልደረባ ማሽን አዘገየ ተብሎ በዚያ ቃል ተወስዶ ለብዙ ወራት አልተመለሰም፤ ሲመለስም ወሬ የማይወድ ሰው ሆኖ ነው። እኔ ደግሞ «ስጋት የለም» ብዬ ፈርሜ ቅጂው ሊቀመንበሩ እጅ ገብቷል። ድንጋዩ ሊቀመጥ አሥር ቀን ሲቀረው «ተሳስቻለሁ» ማለት ምን እንደሚያመጣ አውቃለሁ። ጋሼን «ምን ላድርግ?» አልኳቸው። «አላዝሽም» አሉኝ። «ከሰረዝሽው ግን ስሜን ከስምሽ በታች እጽፋለሁ።» ያን ቆንጆ ፊርማ ሰረዝኩት። ከሥሩ «ትምህርት ቤቱን ይገድላል» ብዬ ጻፍኩ። ሌላ የተሻለ አነጋገር አልመጣልኝም።

ከሰዓት በኋላ ሊቀመንበሩ አዳራሹ ውስጥ ወረቀቱን አነበበና ጠረጴዛውን በመዳፉ መታው። «በገለባ ጭስ የሰፊው ሕዝብ ፋብሪካ ይቁም ነው የምትይኝ? ከትናንት ወዲያ ስጋት የለም፣ ዛሬ ይገድላል! ይህን ወደ በላይ ብልከው ምን እንደሚሉኝ ታውቂያለሽ? ምንስ እንደሚሉሽ?»

«አውቃለሁ፣ ጓድ» አልኩ። ጋሼ አጠገቤ ቆሙ፤ እሳቸውም ፊታቸው አመድ መስሏል። ከዚያ ከበሩ በኩል ሳል ተሰማ።

«አፉ በሉኝ፣ ጓድ ሊቀመንበር» አሉ ሼኸዬ፣ በትራቸውን በሁለት እጅ ይዘው ወደ ውስጥ እየገቡ። «እነሱ እንግዳ ናቸው። እዚህ አገር ቤት የሚሠሩት እርስዎ ነዎት። በደንባችን ቤት ሠሪ አንድ ጧት ኸጎረቤት ደጅ ይቆማል። እኔ የዚያ ጎረቤት ነኝ፤ የልጅ ልጄ እዚያ ናት። በአላህ ይሁንብዎ፣ ነገ ጧት ደጃችን ይቁሙልን።»

አዳራሹ ውስጥ የገበሬ ማህበሩ ሰዎች ነበሩ። አንድ ሽማግሌ በሰው ፊት ደጄ ቁምልኝ ብሎ ሲለምን እንቢ የሚል ወሎዬ እኔ አላየሁም። ሊቀመንበሩም የአገሩ ልጅ ነበር። ቁጣው ፊቱ ላይ እንዳለ «እሺ፣ አባባ» አለ።

ሰኞ ጧት ወደ ሁለት ሰዓት ገደማ ግቢው በልጆች ተሞልቷል። ሊቀመንበሩ ካኪውን አስተኩሶ መጣና ከመምህራኑ ጎን ከባንዲራው ፊት ቆመ፤ እኔ ከግቢው ዳር ሆኜ አያለሁ። ላይ ጋሼ ክብሪት ጫሩ፤ ጥቂት ገለባ ብቻ ነበር፣ እኔ ነኝ አሳንሱት ያልኳቸው። ጭሱ ያንኑ መንገድ ይዞ ሲወርድ ከመምህራኑ አንዱ ፊሽካ ነፋ፤ ባንዲራው መውጣት ጀመረ፤ ልጆቹ ብሔራዊ መዝሙሩን ያዙ።

ያን ጊዜ መዝሙር ሲዘመር የሚንቀሳቀስ ሰው አልነበረም። መንገደኛ ይቆማል፣ መኪና ይቆማል። ሊቀመንበሩም እጁን ከጎኑ አጣብቆ ደረቱን ነፍቶ ቆመ። ጭሱ በአጥሩ ገባ፣ የኋለኛውን ሰልፍ ሸፈነ፣ ወደ ፊት መጣ። ትንንሾቹ እስከ አንገታቸው ገቡበት። ሲያስላቸው ይታየኛል፤ ዓይናቸው ይፈሳል፤ ግን አንድም ልጅ እጁን አንስቶ ዓይኑን አላሸም። አንድም ልጅ ከመስመሩ አልወጣም። እያሳሉ ይዘምሩ ነበር።

ያኔ ነው ያ የማብራሪያው መስመር እንደ መብረቅ የመታኝ። ሰዎች ሸሽተው ያመልጣሉ የሚለው። ጋሼ ምልክት ያደረጉበት፣ እኔ ያለፍኩት። እነዚህ ልጆች አይሸሹም። ሽታው ቢመጣ፣ ሳንባቸው ቢቃጠል፣ መዝሙሩ እስኪያልቅ ይቆማሉ፤ መቆምን ያስተማርናቸው እኛው ነን። ያን ያህል ታዛዥነት፣ ያን ያህል የሚያስፈራ የልጅ ታማኝነት በዕድሜዬ አላየሁም።

ወደ ሊቀመንበሩ ዞርኩ። በሁለቱም ጉንጩ እንባ እየወረደ ነው፣ እሱም አልተንቀሳቀሰም። ዓይኑ ግን ባንዲራው ላይ አልነበረም፤ ልጆቹ ላይ ነበር። መዝሙሩ ሲያልቅ መሐረብ አውጥቶ ፊቱን ጠረገና ወደ እኔ መጣ።

«ክሎሪኑ ከዚህ ይከብዳል አልሽ?»

«ይከብዳል፣ ጓድ።»

«አልተንቀሳቀሱም እኮ» አለ። ድምፁ የቁጡ ሊቀመንበር ድምፅ አልነበረም። «አየሽ? አልተንቀሳቀሱም።»

የሰረዝኩትን ወረቀት ከኪሱ አውጥቶ መለሰልኝ። ለበላይ የጻፈው ደብዳቤ ቦታው ውሃ አዘል ስለሆነ መሠረት አይችልም የሚል ነበር። ጭስ የሚል ቃል የለበትም፤ የእኔም የጋሼም ስም የለበትም። ውሸቱን በራሱ ፊርማ ተሸከመው። ልናመሰግነው ስንሄድ ቆጣ ብሎ «ሥራ የላችሁም?» አለን። ሼኸዬ ግን ያን ቀን ቤታቸው ወስደውን ዱኣ አደረጉልን፤ እኛም አሜን አልን። የልጅ ልጃቸው ዓይኗ ገና ቀይ ነበር፤ እኔን ግን በጭሱ ልትወቅሰኝ አላሰበችም።

ለፋብሪካው ሌላ ቦታ ይፈለግ ተባለ። ወረቀት ተመላለሰ፣ ድርቁ መጣ፣ ከዚያ ሰው ስለ ሳሙና ማሰብ ተወ። ጋሼ ጡረታ ሲወጡ ቀይ እርሳሱን ለእኔ ሰጡኝ፤ በአራቱ ጥያቄዎች ላይ አምስተኛ ጨምሬ ነበር የምሠራው። «ባይሸሹስ?» እላለሁ።

ከዓመታት በኋላ፣ ደርግ ገና ሳይወድቅ፣ ወደ ወልድያ ስሄድ አውቶቡሳችን ጧት ሐይቅ ላይ ለሻይ ቆመ። እግሬ ራሱ ወደ ከተማው ዳር ወሰደኝ። ከአምባሰል የወረደው ጉም ትምህርት ቤቱ ግቢ ውስጥ ተኝቷል፣ በዚያው መንገድ መጥቶ። የልጆቹ ራስ ብቻ ከላይ ይታያል። መዝሙሩ ተጀመረ። እኔም ጫማዬ በጤዛ ርሶ ቆምኩ፣ እስኪያልቅ አልተንቀሳቀስኩም።

አብራኝ የምትጓዝ ሴት ተከትላኝ መጥታ ኖሮ «ምን አገኘሽ እህቴ? ምንድን ነው የምታይው?» አለችኝ።

«ምንም» አልኳት። ልጆቹ በየክፍላቸው ገቡ፤ ጉሙም ጉም ብቻ ነበር።